የማዳመጫው ሽማግሌ

በጥንታዊው ቤተ መንግሥት በር ላይ ለጎብኚዎች የጆሮ ማዳመጫ የሚያድል ሽማግሌ ተቀምጧል። ካፖርቱ ደረት ላይ «አስጎብኚ» የሚለው ባጅ ይሰካባቸው የነበሩ ሁለት ቀዳዳዎች ቀርተዋል። እያንዳንዱን ማዳመጫ በመሀረቡ ወልውሎ በሁለት እጁ ይሰጣል።

እኔም አንዱን አጥልቄ ገባሁ። ድምፁ ተቀድቶ በጆሮዬ የሚያስጎበኘኝ ሰው ጨዋታ አዋቂ ነው። «ጎንበስ በሉ፤ ይህ በር የንጉሥ ግንባርም አልማረም» ሲል ብቻዬን ሳቅሁ። የዙፋኑ ክፍል ስደርስ ግን ደረቅ ሳል አቋረጠው። ጎብኝቼ ስወጣ ያንኑ ሳል ከበሩ ሰማሁት።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«‹የሚያውቁት አብሮዎት እንዳይቀበር፣ ለመዝገብ ቤት ይንገሩን› አሉኝ አለቆቼ። ሦስት ቀን ሙሉ መቅጃ ፊት ሆዴን ዘረገፍኩላቸው። በአራተኛው ቀን ባጁን ተቀበሉኝ።»

አንዲት ወጣት እየሳቀች ወጣችና ማዳመጫዋን መለሰችለት።

«ሰውዬው ሲያወራ ደስ ሲል! በሕይወት አለ?»

ሽማግሌው መሀረቡን አወጣ።

«እንጃ ልጄ» አላት፣ የገዛ ድምፁን እየወለወለ። «እዚህ መሥራት ካቆመ ቆይቷል።»