የአባባ ግማሽ ሪዝ

ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ነበር፤ አባቴም እዚያው ገበያው አጠገብ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪናውን ተክሎ ይሠራ ነበር። ክረምት ሊወጣ ሲል የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም ስለሚሰፋ እሱን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። የሚታወቀው ግን በስፌቱ ብቻ አይደለም፤ በሪዙም ነበር። ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጫፎቹ ወደ ላይ የተቆለመሙ ሪዝ። ሲስመኝ ጉንጬን ይወጋኛል፤ የመኪና ዘይትና የአዲስ ካኪ ሽታም ነበረው።

ለእኛ ለልጆች ወንድ ማለት ባለ ሪዝ ነበር። ትልልቆቹ በሚያወሩልን ተረት አንበሳ የሚገድለው ሁልጊዜ ሪዛም ነው። በቀበሌው የኪነት ቡድን ድራማ ላይ ጀግናውም ጨቋኙም ባላባት ከአፍንጫቸው ሥር ከሰል ተቀብተው ይወጣሉ፤ ያልተቀባው ወይ አሽከር ነው ወይ ፈሪ። እቃቃ ስንጫወት ባል የሚሆነው ልጅ የእሸት በቆሎ ፀጉር ነጭቶ በምራቁ ይለጥፋል። እኔ ታዲያ የኔ አባት የእውነቱን እንዳበቀለ እየነገርኳቸው እኩራራባቸው ነበር።

አባባ ከከምባታ የመጣ የወንጌል አማኝ ነው፤ በጊዜው አጠራር ጴንጤ። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ቆይቶ ነበር። አንድ እሁድ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ክንዱን አንስቶ መፈክር ሲያሰማ እሱ እጁን ወደ ታች እንዳደረገ ቆመ። እዚያው አስቀሩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ረፋድ ላይ ተለቆ ሲመጣ በር ላይ ነበርኩ፤ ሮጬ ልጠመጠምበት ተነስቼ መሀል ላይ ቆምኩ። የቀኝ ሪዙ እንደነበረ አለ፤ ግራው ግን ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል። የላጨው ተስፋዬ የሚባል አብዮት ጠባቂ ነው፤ ራሱ ገና ጢም ያላወጣ፣ አባባ የሰፋለትን ዩኒፎርም ለብሶ ያደገ ልጅ። «በግማሹ ሂድ፤ ሰው ይይህ» ብሎ ነበር የለቀቀው።

እማማ እያለቀሰች ውሃና ምላጭ አቀረበችለት። ቀሪውን ተላጭቶ እንዲገላገል ለመነችው። አባባ ምላጩን መልሶ ሰጣት።

«እነሱ የጀመሩትን እኔ አልጨርስላቸውም» አለ።

ያንኑ ዕለት በረንዳው ላይ ወጥቶ እንደ ወትሮው ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ተቀመጠ። ደንበኞቹ ፊቱን ላለማየት ጨርቁን እያገላበጡ ያወሩታል። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው የሚስቁም ነበሩ። የጸሎት ወዳጆቹ ግን በዚያ ሲያልፉ ቀና ብለው ሰላም ይሉት ነበር፤ አንዳንዶቹ ቆመው እጁን ይጨብጡታል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል ማለፍ አቃተኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ወንዶቹ አጥር ጥግ ያዙኝ። ሁለቱ እጄን ጠፍረው ሦስተኛው በከሰል ከአፍንጫዬ ሥር፣ በአንድ በኩል ብቻ ሪዝ ሣለብኝ። ሲለቁኝ በምራቄም በቀሚሴም ፈተግኩት፤ ይባስ ጉንጬን ሁሉ አጠቆረው። በጓሮ ዞሬ ቤት ስገባ አባባ ለምሳ መጥቶ ኖሮ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ማን እንዳደረገው አልጠየቀኝም። ከኪሱ የካኪ ቁራጭ አውጥቶ ውሃ አስነካና፣ ተንበርክኮ ቀስ እያለ ይጠርግልኝ ጀመር።

«ይሄ የኔ ነበር፤ አንቺ ፊት ላይ ምን አመጣው?» አለ።

ከዚያ ተነሳ። ምላጩን አምጪ ሲላት እማማ ደነገጠች፤ እሱ ግን ግድግዳው ላይ በተሰቀለችው ትንሽ መስታወት ፊት ቆሞ የቀረውን ሪዙን ላጨው። ሲዞር ከከንፈሩ በላይ ያለው ቆዳ ገርጥቶ ሌላ ሰው መሰለኝ። እኔም ይሄን ያደረገው ለማን እንደሆነ ስለገባኝ፣ ከሰሉን ስቀባ ካፈርኩት በላይ አፈርኩ።

በማግስቱ ተስፋዬ በበረንዳው በኩል ሲያልፍ ቆም ብሎ «አሁን ሰው መሰልክ» አለው። አባባ ፔዳሉን መርገጥ አላቋረጠም። ተስፋዬ ምንም ይበል፤ ያሳዘኑኝ የጸሎት ወዳጆቹ ናቸው። እጅ ሰጠ ብለው ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። እማማ እውነቱን ልንገራቸው ስትለው የልጅ ስም በዚህ ነገር እንዳይነሳ ብሎ ከለከላት። ደርግ ከወደቀ በኋላም ሪዙን መልሶ አላሳደገም፤ ለምን ስለው «ሳላውቀው ለምጄዋለሁ» ብሎ ሳቀብኝ።

ዛሬ የሐዋሳ ጎረምሶች ጢማቸውን በየፀጉር ቤቱ በመስመር ያስወጣሉ፤ ቅባትም አለው። የኔም ልጅ ጢሙ ከመጣለት ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ «ወንድ ወጣልሽ» ይለኛል። ደስ ይለኛል እንጂ ቃሉ ልቤ ውስጥ አይገባም።

አባባ ያረፈ ጊዜ፣ ድንኳን ውስጥ አንድ የድሮ ወዳጁ አጠገቤ ተቀምጠው እያጽናኑኝ ነበር። ደግነቱን ሁሉ ከቆጠሩ በኋላ፣ ያኔ በከባዱ ዘመን በእምነቱ ትንሽ ቢደክምም ጌታ እንደሚምረው ነገሩኝ። እኔም ነገሩን ከመጀመሪያው አጫወትኳቸው። ሽማግሌው ነጭ ጢማቸውን በመዳፋቸው ጨብጠው አንገታቸውን ደፉ።

«ለብዙ ዓመት ከጎኑ ቁጭ ብዬ ጸልያለሁ» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።»

ሬሳው እስኪወጣ ድረስ ቀና አላሉም። እኔም ይህን ሁሉ ዓመት እውነቱን አፍኜ ኖሬ ነበርና ቀና ብለው እንዲያዩኝ አልፈለግሁም።