የጉድጓዱ ዳር ፕሉሜሪያ

አብረውት የሚሠሩት የችግኝ ጣቢያው ሰዎች «ፕሮፌሰር» ሲሉት ሹፈት መሆኑ አልገባውም፤ ወይም ገብቶት ወዶታል። ቅጠል በጣቱ አሽቶ «ይሄ ቀይ ያብባል» ካለ በቃ፣ ሌላው ትንፍሽ አይልም። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ ጣጣው እሱ ነው። አንዳንዴ እንኳ ቢሳሳት ኖሮ ሚስቱን መስማት ይለምድ ነበር።

ሚስቱ ያደገችበት ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል አንድ ነገር ለመነችው፦ እናቷ ከተከለችው፣ ቀይ አበባ ከሚያወጣው የፕሉሜሪያ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ እንዲያመጣላት። እናቷ የሞተችው እሷ ልጅ እያለች ነው፤ ከዚያ ዛፍ በቀር «ይሄ የእናቴ ነው» የምትለው ነገር የላትም። ጉልበቷ አላስኬድ ስላላት ቤት ቀረች። ግቢው ውስጥ ሁለት ዛፍ እንዳለ፣ የእናቷ ጉድጓዱ ዳር ያለው እንደሆነ እየነገረችው እሱ በሩን ከፍቶ ወጥቷል። ለእሱ ስለ ተክል ሊነገረው?

ጊዜው በጋ ነበር። ፕሉሜሪያ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል፤ ቀዩም ነጩም ያው አመዳም ዱላ ነው። ፕሮፌሰሩ የሁለቱንም ጫፍ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገና አጥሩ ጋ ያለውን መረጠ። ቀላ ያለ መስሎታል። ነጭ ወተቱ እጁ ላይ እየተንጠባጠበ ቆርጦት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ቤቱም ዛፎቹም በዶዘር ተጠረጉ።

አያያዙን ግን ማንም አይነቅፈውም። የተቆረጠው በኩል እንዳይበሰብስ ጥላ ውስጥ አደረቀው፣ አሸዋ የበዛበት አፈር አዘጋጀለት፣ መኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ተከለው። ውሃ የምታጠጣው እሷ ነበረች፤ በከዘራ እየተደገፈች ወጥታ፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ሰው «እንዴት አደርሽ» እያለች። ቅጠል ሲያወጣ ፕሮፌሰሩ ቀይ የሚያብበው ዓይነት ጠርዙ ላይ የሚኖረውን ቅላት አጣ። አፈሩ ነው ብሎ ራሱን ሸነገለ።

በሦስተኛው ዓመት አበበ፦ ነጭ፣ መሃሉ ቢጫ። እሷ ያኔ አልጋ ይዛለች። በተከፈተው መስኮት ሽታው ገባ፤ ፊቷ ሲጠቁር አየው።

«የእንጀራ እናቴ ነው» አለች።

አጥሩ ጋ የነበረውን ነጩን የተከለችው እንጀራ እናቷ ነበረች፤ ያቺ የእናቷን ልብስና ፎቶ ሰብስባ ያቃጠለችው ሴት። ሚስቱ ሦስት ዓመት ሙሉ «እንዴት አደርሽ» ስትል የኖረችው የእሷን ዛፍ ነው።

ፕሮፌሰሩ ተንተባተበ። ዛሬውኑ ነቅሎ እንደሚጥለው፣ ቀዩን ከየትም ብሎ እንደሚያመጣላት ማለ።

«ተወው፣ ዛፉ ምን አደረገ?» አለችው። «የትኛው እንደሆነ ነግሬህ ነበር እኮ። ይሄን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር፣ አንድ ቀን እንኳ የምልህን ሰምተህ ብታውቅ ምናለበት?»

ፕሮፌሰሩ መስኮቱን ዘግቶ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ፣ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።