ቀይ ጠመኔ ያለባት ሸክላ

ሲይዙኝ እኔ በእግሬ ሄድኩ፤ ግራማፎኔ በፖሊስ ትከሻ ሄደ። የቆቦ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ ያየው እኔን ሳይሆን እሱን ነበር። አንዲት ጠላ ሻጭ፣ “ሳጥኑ ደግሞ ምን አጠፋ?” ብላ ጠየቀች። ፖሊሱ ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ክፍሉ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ነው። የቆላው ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ይንጣጣል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ምንም አልታየኝም። ዓይኔ ሲለምድ ግን ከጣራው ሥር ባለች ክፍተት የዞብል ተራራ ጫፍ ታየኝ። ላብና የፍየል ቆዳ ይሸታል። አንድ የራያ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ። አውቃቸዋለሁ፤ አቤቱታው ላይ ካረፉት አውራ ጣቶች አንዱ የእሳቸው ነው።

የአቤቱታውን ነገር ላስረዳ። ገበሬዎቹ ስለተወሰደባቸው መሬት ነገሩኝ፤ መምህር ነኝና እኔ በእጄ ጻፍኩት፤ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ከሥራ ሰዓት በኋላ በታይፕ መታችው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት እየመጣች ሸክላ የምትሰማውም እሷ ነበረች። ታይፕ በወልድያም በደሴም ሞልቷል፤ ስለዚህ ፖሊስ የእሷ እጅ እንዳለበት ቢጠረጥርም ማስረጃ አልነበረውም። የጎደለው የእኔ አፍ ነበር። ስሟ ከአፌ ከወጣ ከሥራዋ ትባረራለች፤ ከዚያም ትታሰራለች።

ጽሕፈት ቤቱን ከእስር ቤቱ የሚለየው አንድ የድንጋይ አጥር ብቻ ነው። በየጠዋቱ የታይፑ ድምፅ በአጥሩ ላይ ይመጣል። ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ከዚያ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ትንሽ ደወል። ድምፁ እስካለ ድረስ አልተያዘችም ማለት ነው። እኔም ያን እየሰማሁ እውል ነበር።

ሽማግሌው ልብ ብለውኝ ኖሯል።

“ልጄ፣ ያ ነገር ዝም ሲል አንተም መተንፈስ ትተዋለህ” አሉኝ አንድ ቀን።

“ሙቀቱ ነው አባቴ።”

“ሙቀቱማ ለሁላችንም ነው።”

ጨዋታ ሲጠፋ እስረኞቹ ስለ ሳጥኑ ይጠይቁኛል። ማስረዳት ስለምወድ ደስ ይለኛል። ከአሥመራ በአውቶቡስ ያመጣኋቸው የጃዝና የስዊንግ ሸክላዎች ናቸው። ቁጭ ብለው የሚሰሟቸውን የወረቀት ልባሳቸው ላይ ነጭ ጠመኔ፣ የሚደነስባቸውን ቀይ ጠመኔ አድርጌባቸዋለሁ። ከነጮቹ አንዷ ላይ ጥሩምባው አፉ ተከድኖ ነው የሚነፋው፤ ከተዘጋ በር ኋላ ሆኖ የሚለማመጥ ሰው ይመስላል። ሌላዋ ላይ ፒያኖ ብቻውን ነው፤ ዝናብ ካባራ በኋላ ከጣራ እንደሚንጠባጠብ ውሃ። ከቀዮቹ ግን አንዲቱን እወዳለሁ። ክላርኔት ይጀምርና ሌሎቹ ነፋሶች፣ ጥሩምባውና ሳክስፎኑ፣ በአንድነት ይመልሱለታል፤ ከሥር የባሱ ወፍራም ድምፅ እየረገጠ ይሄዳል።

“ስዊንግ ማለት ይኸው ነው” አልኳቸው። “ምቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዜማው ግን ትንሽ ዘግየት ብሎ ይደርሳል። ገላ በዚያ መሐል ይወዛወዛል።”

“እንደ ግመል!” አለ አንድ የዋጃ ነጋዴ።

“የለም፣ እንደ ግመል ሳይሆን...” ብዬ ጀመርኩና አሰብኩበት። “አዎ። እንደ ግመል።”

ከዚያ በኋላ የጣቢያው አዛዥ፣ መቶ አለቃው፣ አስጠራኝ። ሸክላዎቼ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል።

“ይሄ ቀይ ምልክት ምንድን ነው?”

“የሚደነስበት ነው ጌታዬ።”

“ዘፈኑ ምን ይላል?”

“ቃል የለውም።”

“ቃል ከሌለው ምን ደብቆ ነው?”

ክላርኔት ከምን እንደሚሠራ ሳይቀር አስረዳሁት። ታግሶ ሰማኝና ወደ ጉዳዩ ገባ። የቤቴ ወለል ከመያዜ በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት በእበት ተለቅልቆ ነበር። እሑድ ሊይዙኝ የመጡት ፖሊሶች እበቱ ላይ ትንንሽ፣ ክብ፣ ጠለቅ ያሉ ጉድጓዶች አይተዋል።

“የሴት ጫማ ተረከዝ ነው” አለኝ። “በቆቦ ተረከዝ የሚጫሙ ሴቶች ጥቂት ናቸው። የትኛዋ ናት?”

“የጥቁር ሰሌዳ ማቆሚያዬ እግር ነው።”

“ሰሌዳህ ቤቱን ይዞራል?”

“ብርሃን እየተከተለ ነው ጌታዬ።”

ሊስቅ ብሎ ተወው። “ዳንስ የሁለት ሰው ነው፤ እኔም አይቻለሁ።”

“እኔ ብቻዬን ነው የምደንሰው።”

“እንግዲያው ነገ ብቻህን ስትደንስ እናያለን።”

ወደ ክፍሉ ስመለስ የተባለውን ሁሉ፣ የጉድጓዶቹንም ነገር፣ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ስም አላነሳሁም። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

በማግስቱ እስረኞቹን በግድግዳው ጥግ አስቀመጡና ግራማፎኑን ግቢው መሐል አወጡት። ነፋሱ አቧራ ያነሳል። መቶ አለቃው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አንድ ፖሊስ እጀታውን አዞረና ያቺን ባለ ቀይ ጠመኔ ሸክላ ከመርፌው ሥር አደረጋት። ከአጥሩ ማዶ ታይፑ እየሠራ ነበር። ክላርኔቱ ሲጀምር ታይፑ ቆመ።

በየቅዳሜው መጀመሪያ የምትመርጣት ሸክላ ነበረች።

እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ መርገጥ ጀመርኩ። እግሮቼ ታዘዙልኝ። ያስቸገረኝ ቀኝ እጄ ነው። ነፋሶቹ ሲመልሱ ሳላስበው ከኋላዬ ወጥቶ ከፍ አለ፣ ጀርባዋ በሚሆንበት ቦታ አየሩ ላይ አረፈ። አወረድኩት። ነፋሶቹ ሲደግሙ እንደገና ወጣ።

“ቁመቷ እስከዚህ ነው ማለት ነዋ!” አለ አንዱ ፖሊስ። መቶ አለቃው ከወንበሩ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ተነሡ። ትከሻቸውን እየነቀነቁ መጥተው ከእጄ ሥር ገቡ።

“ምን ታፈጣላችሁ? ከእኔ ጋር ነው የሚጨፍረው!”

ግቢው በሳቅ ተሞላ።

“አንተ ሽማግሌ፣ ስትመረመር ቤቱን አላውቀውም ብለህ አልነበር?” አለ መቶ አለቃው።

“ዋሽቼ ነው። ከገበያ ስመለስ እሱ ዘንድ አርፋለሁ። ሳጥኑ ይጮኻል፣ እኔ በዱላዬ እየወጋሁ እጨፍራለሁ። ዱላዬ እናንተው ጋ ነው፤ ጫፉን እዩት።”

ዱላቸውን ከዘበኛው ቤት አመጡት። ጫፉ ብረት ለብሷል። መቶ አለቃው በውሃው በርሜል ሥር እርጥቡን አፈር ወጋበት። ትንሽ፣ ክብ፣ ጠለቅ ያለ ጉድጓድ። ብዙ አየው።

“ትምላለህ?”

“ለጭፈራ አይማልም ጌታው።”

ሸክላው ገና ስላላለቀ ቀጠልን። ሽማግሌው ምቱን አያውቁትም፤ ሁልጊዜ ዘግየት ብለው ይደርሳሉ። ነጋዴው ከጥግ፣ “እንደ ግመል!” እያለ ይጮኻል። ሲያልቅ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ እንደተማርኩት፣ አብራኝ ለደነሰች እንደሚደረገው ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ሽማግሌው ለእሳቸው መስሏቸው አጸፋውን መለሱ። ለእሳቸውም ነበር። ፊቴ ግን ወደ ድንጋዩ አጥር ነበር።

ታይፑ ገና እንደቆመ ነበር። ከዚያ ትንሿ ደወል ተሰማችና ታይፑ ሥራውን ቀጠለ።

መቶ አለቃው ስለ ተረከዝ ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ከክረምቱ በኋላ ፈቱኝና በዚያው ቀን ወደ ሌላ አውራጃ አዛወሩኝ፤ ማንንም ለመሰናበት አልተፈቀደልኝም። ሽማግሌው እኔ ከወጣሁ በኋላም ቆዩ። ቤቴን አውቀዋለሁ ማለታቸው ምን እንዳስከፈላቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እሷ ሥራዋን ለቃ ከቆቦ መሄዷን ከሰው ሰማሁ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ሸክላዎቼ ተመልሰውልኛል። ያቺ ባለ ቀይ ጠመኔ የግቢው አቧራ ጭሯታል፤ በዞረች ቁጥር ጠቅ ትላለች። አብሮኝ የሚያስተምር ጓደኛዬ አዲስ ከአሥመራ ላምጣልህ ቢለኝ ተወው አልኩት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቹን ደብተር አርሜ ስጨርስ እጀታውን አዞራለሁ። ነፋሶቹ ሲመልሱ ቀኝ እጄ ይነሣል። አሁን የሚያየኝ ሰው ስለሌለ አላወርደውም።