ፈተናዬን እስክጨርስ

እህቴ የሞተችው እኔ ፈተና ላይ ሳለሁ ነው። አልነገሩኝም። «እንዳይረብሽህ ብለን ነው» ይላሉ እስከ ዛሬ። ይህን ስሰማ ከሰው ጋር መቀመጥ ያቅተኛል።

ፈተና ሲደርስ ሆዴን ይቆርጠኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። እጄን ያልበኛል፣ ያጠናሁት ይጠፋብኛል፣ ሽንት ቤት እመላለሳለሁ። የክፍል ጓደኞቼ «የሽንት ቤት ዘበኛ» ይሉኝ ነበር። ከዚህ ያወጣችኝ እህቴ ናት። አኖ በምትባለው ትንሽ ከተማችን በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። ከአስረኛ ክፍል አላለፈችም። ግን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ታስቀምጠኝና የድሮ የፈተና ወረቀት ትሰጠኛለች። እሷ መኪናውን ትረግጣለች፣ ደንበኛ ይነዘንዛል፣ ባጃጅ ጥሩምባውን ይነፋል፣ እኔ እሠራለሁ።

«እትዬ፣ እዚህ ጫጫታ ውስጥ እንዴት ይሠራል?»

«እዚህ ከሠራህ የትም ትሠራለህ። ጠፋብኝ ካልክ እስክሪብቶውን አስቀምጥ። ሁለቱንም እግርህን መሬት አስነካ። ቀስ ብለህ ተንፍስ። ከዚያ የምታውቀውን ፈልግ። ጥያቄ ሰው አይበላም፣ የኔ ጌታ።»

አስራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ታመመች። ኩላሊቷን ነው አሉ። ፈተናው ነቀምቴ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሚሰጥ በአውቶቡስ ሊወስዱን ሲሉ እሷ ተኝታ ነበር። «ነቀምቴ ሆስፒታል ልትታይ ነው፣ ቀላል ነው» አሉኝ። እሷም ሳቀች። «በቃ፣ ሁለታችንም ነቀምቴ ልንፈተን ነው» አለችኝ።

ግቢው ውስጥ ስልክ ክልክል ነው። ከገባህ ሳትጨርስ አትወጣም። መጀመሪያ እንግሊዝኛ ላይ ዓይኔ ጨለመ። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። እግሬን መሬት አስነካሁ። ተነፈስኩ። ተመለሰልኝ። በማግስቱ ጠዋት አብሮን የመጣው መምህራችን ምግብ ቤት ውስጥ ፈልጎ አገኘኝ። ሰላምታ እንኳ የማይወድ ሰው ዳቦውን ሰጠኝ። «ጀባዱ» አለኝ በኦሮምኛ፣ በርታ ማለቱ ነው። ትከሻዬን ይዞ ቆየ። ስለ ጭንቀቴ ሰምቶ መሰለኝ።

«ደህና ነኝ መምህር፣ እህቴ ዘዴውን አስተምራኛለች» አልኩት።

ፊቱን አዞረ። እሱም ያውቅ ነበር። ያን ጊዜ እህቴ ሞታለች፤ አኖ ወስደው ቀብረዋታል። ሆስፒታሉ እኮ ከግቢው በባጃጅ የሚደረስበት ነው! እኔ እዚያው ከተማ ውስጥ ተቀምጬ ትክክለኛውን ፊደል አጠቁራለሁ።

ስጨርስ አጎቴ በር ላይ ጠበቀኝ።

«እሺ ጎበዝ፣ ፈተናው እንዴት ነበር?»

«እትዬስ?»

«ደህና ናት፣ ተኝታለች።»

«እንሂዳ፣ እንያት!»

«ዛሬ ጠያቂ አያስገቡም» አለኝ። ዓይኑን ሳያርገበግብ።

አኖ ስንደርስ ጎረቤት ቤት አስገባኝ። ፍርፍር በሥጋ ቀረበ። እኛ ዘንድ መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። መርዶ የሚረዳው ሰው ይበላል፣ ይተኛል፣ ሲነጋ ይነገረዋል። ይህን አውቃለሁ። ግን ፈተና ጨርሼ መጥቻለሁ፣ ደስ ብሎኛል፣ በእኔ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። ወሬ አወራሁ። መልስ መስጫው ላይ ተኝቶ ስላንኮራፋው ልጅ ነገርኳቸው። «ሒሳቡን በዱዓ ነው የሠራሁት» አልኩ። ሳቁ። የቤቱ እመቤት «ብላ የኔ ልጅ፣ ብላ» እያለች ታጎርሰኛለች። እህቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔ እስቃለሁ፣ እነሱ ያዩኛል። መዋሸታቸው አንድ ነገር ነው። ይሄኛውን እንዴት እንደምለው አላውቅም። እንደ በግ ቀለቡኝ።

ሲነጋ ሽማግሌዎች ገቡ። «ሁላችንም የአላህ ነን» ብለው ሲጀምሩ ገባኝ። አላለቀስኩም፤ ጮህኩባቸው።

«ማን ፈቀደላችሁ? በእጄ አፈር ሳላለብሳት? ለወረቀት ብላችሁ?»

«ጭንቀታም ነህ፣ እናውቅሃለን» አለ አጎቴ። «ብንነግርህ ትወድቅ ነበር።»

«ልውደቃ! ፈተናው በዓመቱ ይመጣል። እሷ ትመጣለች?»

«ነውር ነው፣ ዝም በል» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

ያኔ እናቴ ከጥግ ተናገረች። «እሷ ናት ያለችው። ሳይጨርስ እንዳትነግሩት ብላ አስምላን ነው የሞተችው።»

  ቁጣዬን ወዴት ልውሰደው?

ውጤት መጣ፣ አለፍኩ። «አየህ፣ ለዚህ ብላ ነው» ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። አነጋገሩ እሷን ይመስላል። ግን «ደህና ናት፣ ተኝታለች» ያሉኝም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። እናቴን ደጋግሜ እጠይቃታለሁ። «ምን ብላ ነው ያለችው? እንዳለችው ንገሪኝ።» አንድ ጊዜ እንዲህ ትላለች፣ ሌላ ጊዜ እንዲያ። ከዚያ ታለቅሳለች፣ እኔም እተዋታለሁ። የእህቴ የመጨረሻ ቃል ይህ ከሆነ ላምነው እፈልግ ነበር። አላስቻሉኝም።