በኮፈኑ ላይ የቀሩት ሁለት ቀዳዳዎች

ጋሽ ጴጥሮስ ነበሩ። ልጃቸው ማርታ ነበረች። ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ እያመጣ በየሰፈሩ የሚሸጠው ቃሚሶ ነበረ። እኔም ነበርኩ፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ አቮካዶ ዛፍ ባለበት ግቢ ውስጥ፣ ከአራታችን ሌላ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ አንድ ድምፅ ነው። ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ አካባቢ ወዳለችው መሥሪያ ቦታዬ አንድ ሰው አሮጌ ፒክአፕ ይዞ መጣ። የኮፈኑ ሾኮች ደክመዋልና ቀይርልኝ አለኝ። ሾክ የምንላቸው በውስጣቸው ጋዝ የታመቀባቸው፣ የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኑን፣ ከግራና ከቀኝ ደግፈው የሚያቆሙ ሁለት ቀጫጭን ክንዶች ናቸው። ኮፈኑን ስከፍተው እንደ ረጅም ትንፋሽ ያለ ቀጭን ድምፅ አሰማ። ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። በግራ በኩል ሾኩ ከታሰረበት የብሎን ዳዶ ወደ መስታወቱ አራት ጣት አለፍ ብሎ ባዶ ቀዳዳ አለ። በቀኝም እንደዚያው። መኪናው ድሮ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን ነጭ ተቀብቷል። የዓሣው ሽታም ጠፍቷል። ቀዳዳዎቹን ግን የትም ባያቸው አውቃቸዋለሁ።

ጋሽ ጴጥሮስ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ያንን ፒክአፕ ገዝተው ጠዋት ጠዋት ከአሞራ ገደል ለምግብ ቤቶች ዓሣ ያደርሱ ነበር። ካኪ ሱሪያቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነበር። በሸሚዛቸው ኪስ አንድ እርሳስ አይጠፋም፤ እርሳሱንም በምላጭ እንጂ በመቅረጫ አይቀርጹትም። ማንኛውንም ነገር ከመሥራታቸው በፊት በካርቶን ይሠሩታል። የበር ማጠፊያ ሲጠግኑ እንኳ መጀመሪያ ካርቶን ይቆርጣሉ፣ ይለካሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይጥላሉ፣ እንደገና ይቆርጣሉ። «ብረት ይቅርታ አያውቅም» ይሉ ነበር። «ካርቶን ግን አሥር ጊዜ ይምርሃል።»

ከዚያ ታመሙ። ሲነሡ ግራ እጃቸው ከትከሻው ጀምሮ ዝሎ ቀረ። ወደ መንዳቱ ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ያስቸገራቸው ኮፈኑ ነበር። መኪናው ውኃ ስለሚጨርስ በየምልልሱ ተከፍቶ መሞላት አለበት። የኮፈኑ መደገፊያ ዘንግ ከተሰበረ ቆይቷል፤ በእሱ ፋንታ ቃሚሶ የሰጣቸውን የተሰበረ መቅዘፊያ ያቆሙ ነበር። ለዚህ ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ኮፈኑን ይይዛል፣ ሌላው መቅዘፊያውን ያቆማል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ሲሞክሩ ከሐይቁ የመጣው ነፋስ ኮፈኑን ገፋው፣ መቅዘፊያው አመለጠ፣ ኮፈኑ በትከሻቸው ላይ ወደቀ።

ማርታ ነርስ ነበረች፤ ቁጣዋም የነርስ ነው፣ ድምፅዋን አትጨምርም። «አባዬ፣ መኪናው ይሸጣል» አለች።

«ብቻዬን ከፍቼ፣ ውኃ ሞልቼ፣ ብቻዬን ብዘጋውስ?»

«በአንድ እጅ?»

«በአንድ እጅ።»

«እንዲያ ከሆነ ቁልፉ ያንተ ነው። ካልሆነ ግን ይሸጣል፤ ሌላ ንግግር የለም።»

ጋሽ ጴጥሮስ የጋዝ ሾክ መግጠምን የተማሩት ከማንም አይደለም። መናኸሪያ ሄደው የአንድ ሚኒባስ የኋላ በር እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ሲያዩ ዋሉና ሲመለሱ ካርቶን መቁረጥ ጀመሩ። ትክክለኛውን ሾክ ለመምረጥ የኮፈኑን ክብደት ማወቅ ነበረባቸው። ለዚህም የቃሚሶን ሚዛን ተዋሱ፤ ክብ ፊት ያለው፣ ሳህኑ በሦስት ሰንሰለት የሚንጠለጠል የዓሣ ሚዛን ነው።

ቃሚሶ ሳህኑን ፈትቶ ሚዛኑን በአቮካዶው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለ፤ ከሚዛኑ መንጠቆም ገመድ አውርዶ ከኮፈኑ አፍንጫ ጋር አሰረ። «ጋሽ ጴጥሮስ፣ እንዲህ ያለ አምባዛ ዓሣ ከሐይቁ አውጥቼ አላውቅም» አለ። «ሆድ ዕቃውን ማን ሊያጸዳልዎ ነው?» ይህን ብሎ ብስክሌቱ ላይ ያለውን ዓሣ የከበቡ ድመቶችን ሊያባርር ወደ በሩ ሮጠ።

ጋሽ ጴጥሮስ በደህናው እጃቸው ገመዱን አስተካክለው ኮፈኑ እስኪንጠለጠል ጠበቁ። «አንተ ዓይንህ ጥሩ ነው። ሳጥኑ ላይ ውጣና ንገረኝ።»

ወጣሁ። መርፌው አሥር ላይ ነበር። «አሥር ኪሎ!» ብዬ ጮህኩ። የእኔ ቃል በጋሽ ጴጥሮስ ካርቶን ላይ ሲጻፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። «10» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም አሰመሩበት።

ሾኮቹን በዚያ ቁጥር መረጡ። ሲገጥሟቸው ያየሁትን ዛሬም አልረሳም። ቀጭኑ ዘንግ ወደ ታች፣ ወፍራሙ አካል ወደ ላይ መሆን አለበት፤ በውስጡ ያለው ዘይት ዘንጉ የሚገባበትን የጎማ ቀለበት እንዲያርሰው። መብሻው ትራፓኖ እንዳይንሸራተት የሚበሳውን ቦታ አስቀድመው በምስማር ነካ አደረጉት። ግራ እጃቸው የማይችለውን ጉልበታቸው ያደርገው ነበር፤ ዳዶ ሲያጠብቁ ብሎኑን በጉልበታቸው ይደግፉታል። ልርዳዎት ስላቸው «ዛሬ ብትረዳኝ ነገ ማን ይረዳኛል?» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ማርታ ከሥራ ስትገባ ፈተናው ተጀመረ። ጋሽ ጴጥሮስ ኮፈኑን በቀኝ እጃቸው ብድግ አደረጉት፤ ተነፈሰና ወጣ። ቃሚሶ አጨበጨበ። ጀሪካኑን አንሥተው ውኃ መሙላት ጀመሩ። ጀሪካኑ ሳይጋመስ ኮፈኑ ሽማግሌ ወንበር ላይ ሲቀመጥ በሚመስል ዝግታ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ መጥቶ ጀርባቸው ላይ አረፈ። ማርታ ደርሳ ያዘችው። እጇን ዘረጋች። እሳቸውም ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት።

«ቃሚሶ» አሉ፣ «ሚዛንህን ስቀልልኝ።»

ቃሚሶ ሰቀለው። ጋሽ ጴጥሮስ ምንም ሳያንጠለጥሉበት ባዶውን ሚዛን ቆመው አዩት። መርፌው ከዜሮ በታች ወርዶ ትንሿ ችንካር ላይ ተደግፏል። «ሳህኑን መልስበት» አሉ። ሳህኑ ሲንጠለጠል መርፌው ተነሥቶ ልክ ዜሮ ላይ ቆመ። ሚዛኑ የተስተካከለው ከነሳህኑ ነበር። ሳህኑ ሁለት ኪሎ ነው፤ እኛ ግን ያለ ሳህኑ መዝነን ያንኑ ሁለት ኪሎ ከኮፈኑ ላይ ሰርቀናል።

«የእኔ ሚዛን አይዋሽም!» አለ ቃሚሶ። «ሳህኑን የፈታ ሰው ነው የዋሸው።»

«ሳህኑን የፈታኸው አንተ ነህ» አለች ማርታ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «ቁጥሩን ማን አነበበው?»

ፊቴ ጋለ። መርፌው የት እንደ ተነሣ ሳላይ የት እንደ ደረሰ ብቻ ያየሁት እኔ ነኝ። የወጣሁበትን ሳጥን በእግሬ ወደ ዛፉ ሥር ገፋሁት። ጋሽ ጴጥሮስ ወደ እኔ አላዩም። አንድ ጊዜ እንኳ።

«ባዶውን ሳላይ ያስመዘንኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ስሕተቱ የእኔ ነው። አንድ ሳምንት ስጪኝ።»

ውሸት አልነበረም። እሳቸው አይዋሹም። ከእውነቱ ውስጥ የራሳቸውን ድርሻ ብቻ ለይተው አወጡ፤ የእኔን እዚያው ተዉት። ያውም መኪናው ሊሸጥ በቀረበበት ሰዓት።

ማርታ ሳምንቱን ሰጠች፤ ቁልፉ ግን እሷ ጋ ቀረ። ሌላ ሾክ አልፈለጉም። ካርቶናቸውን አውጥተው የላይኛውን ማሰሪያ ከማጠፊያው አራት ጣት አራቁት፤ ደካማ ሰው በር ሲገፋ ከማጠፊያው ርቆ እንደሚገፋ ማለት ነው። ኮፈኑ ከበፊቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ እንደሚከፈት፣ ሲዘጋም ሾኩ እንደማይታፈን በካርቶኑ አረጋገጡና አዲስ ቀዳዳ በሱ። የድሮዎቹን ቀዳዳዎች በስቱኮ ልድፈናቸው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ይቆዩ» አሉኝ። «ቀጥሎ የሚበሳው ሰው እንዲያያቸው።» ቀጥለውም «ሁልጊዜ ባዶውን አንብብ» አሉ። ስለዚያ ነገር የተናገሩኝ ይኸው ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ፈተናውን ጠዋት አላደረጉትም፤ የሐይቁ ነፋስ እስኪነሣ ጠበቁ። ከፈቱ። የአቮካዶው ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ ኮፈኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ውኃውን ጠብታ ሳያፈሱ ሞሉ፣ ክዳኑን አጠበቁ፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ሳይቸኩሉ እርሳሳቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ከኮፈኑ ሥር አልወጡም። ከዚያ በአንድ እጃቸው ዘጉት። ማርታ ቁልፉን በእጃቸው አልሰጠቻቸውም። ሄዳ መኪናው ላይ ሰካችውና በሌላኛው በር ገብታ ተቀመጠች።

«በል አባዬ፣ ገበያ አድርሰኝ።»

ዓመታት ነዱ። ካረፉ በኋላ ፒክአፑ ተሸጠ፤ እኔም ካርቶን እየቆረጥኩ ሥራውን በራሴ ተማርኩ። ባለፈው ሳምንት የመጣው ሰውዬ አዲሶቹን ሾኮች ስገጥምለት ቀዳዳዎቹን እንድደፍን ጠየቀኝ። ይቆዩ አልኩት።

ማርታ፣ ቃሚሶ፣ ይህን ካነበባችሁ የተሳሳትኩትን አርሙ፣ የረሳሁትን ጨምሩ። ገመዱ ነጭ ነበር ወይስ አረንጓዴ? በሁለተኛው ቅዳሜ ቃሚሶ የተናገረው ቀልድ ምን ነበር? ሁላችንም ስቀናል፣ እኔ ግን ቃሉን አጥቼዋለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ በላይ ማወቅ እፈልጋለሁ። አሥር ብሎ ያነበበው ማን እንደ ነበር ጋሽ ጴጥሮስ ነግረዋችሁ ያውቃሉ? ካልነገሯችሁ፣ ይኸው እኔ ነገርኳችሁ።