የአያ ደምሴ ወረቀት

ባለፈው ወር ንፋስ መውጫ ከተማ አዲስ በተከፈተ ሆቴል ምሳ ስንበላ፣ የእህቴ ልጅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል በአገጩ እያመለከተ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። መስመርና ቀለም ብቻ ነው፤ ሰው የለው፣ ዛፍ የለው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ስለሆንኩ ሁሉን የማውቅ ይመስለዋል። እኔ ግን ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ ጊዜ መልስ ሰጥቼ አፍሬበታለሁና ምሳህን ብላ አልኩት።

በደርግ ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ መሠረተ ትምህርት እንዳስተምር ከወረዳው ከተማ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚርቅ የስማዳ መንደር ተመደብኩ። ወሩ ጥቅምት ነበር። መንገዱ ገና ጭቃውን አልጨረሰም፤ ግራና ቀኙ ግን የባቄላ እሸት ነው። መንገደኛ እሸት ቢቀጥፍ የሚቆጣ ስለሌለ፣ እየፈለፈልኩ ስበላ ድካሙም አልታወቀኝም።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ፊደል የከበዳቸው አያ ደምሴ ነበሩ። ሃምሳ ያለፋቸው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ዝምተኛ ገበሬ። «ሀ»ን ጻፉ ስላቸው ይጀምሩና እጃቸው መቆሙን ረስቶ ወረቀቱን አቋርጦ ይሄዳል። አንድ ቀን ቤታቸው ጠርተውኝ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝና ከመደቡ ሥር አንድ ወረቀት አወጡ። የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ሲሠራ የተጣለ የሲሚንቶ ከረጢት ነው። በላዩ በዶሮ ላባ የተሰመሩ መስመሮች ጎን ለጎን ይወርዳሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ መሃል ላይ ይጠፋሉ። ጥቁሩ የድስት ጥላሸት፣ ቀዩ የጓሮ አፈር፣ ወይን ጠጁ የአጋም ፍሬ ነበር። ዓይኔን ከሱ መንቀል አቃተኝ።

ምንድን ነው ብላቸው፣ «እኔ እንጃ። እጄ ሲሄድ ዝም ብዬ አየሁት፤ ደስ አለኝ» አሉና ፊቴን ያዩ ጀመር። እኔ ደግሞ መምህርነቱ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበርና፣ ይልቅ ፊደሉን ቢለማመዱ ይሻላል አልኳቸው።

ብዙ ሳይቆይ የጎረቤታቸው የምትታለብ ላም ሞተች። ያን ወረቀት እርጥበት ነክቶት ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ነፋስ ወስዶት ኖሮ፣ ከላሟ በረት አጥር ላይ ተሰክቶ ተገኘ፤ ሊወስዱት ሲሄዱም የእሳቸው መሆኑ ታወቀ። በዚያ አገር ጥቁርና ቀይ ቀለም የሚበጠብጥ ወይ የቤተ ክህነት ሰው ነው ወይ ደጋሚ። አያ ደምሴ ቄስ አይደሉም፤ መንደሩ ድግምት ነው ብሎ ደመደመ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ገበሬ ማኅበሩ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። ነገሩ ከጸና አያ ደምሴ ታስረው ወደ ወገዳ ይላካሉ፣ መሬታቸውም ለሌላ ይሰጣል። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ሰጥቶኝ እንዳነበው አዘዘኝ። ምንም አይልም፣ ዝም ብሎ ሥዕል ነው አልኩ።

«ምንም ለማይል ነገር ማን ቀለም ይበጠብጣል?» አለኝ። «በቀለም የተጻፈ ሁሉ ይነበባል። አንተው አይደለህ ያስተማርከን?»

አያ ደምሴን አየኋቸው። እጃቸው የፊጥኝ ታስሯል፤ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነው። ያኔ ብልጠት መጣልኝ። ሳቅ እያልኩ፣ ይህ እኔ የሰጠኋቸው የቤት ሥራ ነው፣ ከክፍሉ ሁሉ የመጨረሻው እሳቸው ናቸው አልኩ። አንዱን ጥምዝምዝ እየጠቆምኩ «ይቺ «ሀ» መሆኗ ነው» ስል ስብሰባው በሳቅ አውካካ። የላሟ ባለቤት እንኳ ሳቀ። ገመዱ ተፈታላቸው።

ቤታቸው ድረስ ሸኘኋቸው። ወረቀቱን አራት አጥፈው ጋቢያቸው ውስጥ ይዘውታል። ደጃፋቸው ላይ ቆሙ።

«አተረፍከኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ወረቀቱን በጋቢያቸው ላይ ዳበስ አድርገው ደግሞ፣ «ግን መምህር፣ ያን ያህል ያስጠላ ነበር?»

እሳቸውን ለማዳን ብዬ መዋሸቴ የገባቸው መስሎኝ ነበር። ክው አልኩ። ሰዎች ከኋላችን ይመጡ ስለነበር ይሰሙኛል ብዬም ፈራሁ። ደህና ይዋሉ ብያቸው ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ አያ ደምሴ ፊደሉን ጠንቅቀው ለዩ፤ የምስክር ወረቀትም ወሰዱ። ቀለም ሲበጠብጡ ግን ያያቸው የለም።

ይህን ታሪክ ብዙ ቦታ አውርቼዋለሁ። ሰው ይስቃል፣ ብልጠቴን ያደንቃል፤ እኔም ወረቀቱ ያምር እንደነበር ሳልናገር አልጨርስም። ዛሬ ከእሳቸው የዚያን ጊዜ ዕድሜ አልፌያለሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፍ ሳይወጣ ስለቀረው የተባለ ነገር ግን አልሰማሁም። «ያምር ነበር» የምትለዋን ቃል፣ ደጃፋቸው ላይ ቆመው የጠበቋትን ሰው ነፍጌ፣ ላልጠየቀኝ ሁሉ ስናገራት ኖርኩ።