አታድርቀው

ሰቆጣ ኬሚስትሪ ሳስተምር ከሁሉ የሰለቸኝ ቃል «ይድረቅ» የሚለው ነበር። ተማሪዎቹ ኤስተር የሚባለውን ጥሩ ሽታ ያለው ፈሳሽ እንዲሠሩ፣ የሚሠሩበት አልኮል ውስጥ ውሃ መኖር የለበትም። ውሃውን የሚመጥልን የደረቀ የመዳብ ጨው ነው። ሰማያዊውን ጨው በሸክላ ሳህን አድርገን ምድጃ ላይ እናቆየዋለን፤ ውሃው ሲለቀው ነጭ ዱቄት ይሆናል። እንግዲህ አገር በሙሉ ዝናብ ጠፋ ብሎ ሲጨነቅ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ምድጃው ላይ አጎንብሼ «ገና ነው፣ ይድረቅ» እላለሁ።

የላቦራቶሪው ሠራተኛ እዚያው ዋግ ውስጥ ያለችው የዝቋላ ወረዳ ልጅ ናት። ቃሉን ስትሰማ ፊቷ ይጠቁራል።

«መምህር፣ ሌላ ቃል የለህም?»

የለኝም። ታናሽ ወንድሟ የዘራው ማሽላ በቅሎ ጠውልጎ ነበር። በዚህ ሳምንት ካልዘነበ ከጓደኞቼ ጋር በእግሬ ወደ ሳውዲ እወጣለሁ ብሏታል። በዚያ መንገድ ሄደው የቀሩትን ልጆች እሷም እኔም እናውቃለን።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጩን ጨው ከምድጃው አውርደን መስኮቱ ሥር አስቀመጥነው። በርዶ እስክንከድነው ስንጠብቅ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ሮጣ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ዘግይቶ ለመጣ ዝናብ በር አይዘጋም፣ ይቀየማል ብለው ነው ያሳደጓት።

ነፋሱ ጠብታውን ይዞ ገባ። ነጩ ዱቄት ጠብታ ባረፈበት ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ደሜ ፈላ፤ የጠዋቱ ድካም ገደል ገባ። ልቆጣት ስል ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ዘነበላችሁ?» አለችው ወንድሟን፣ በዋግ አገው ቋንቋ፣ በኽምጣና። የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ነው፣ እኔም ቋንቋውን እሰማለሁ።

«የለም። ደመናው ወደ እናንተ ዞረ። እኛ ነገ እንነሣለን።»

እኛም ጋ ቢሆን ወዲያው አባራ። መንገዱ እንኳ አልረጠበም፤ ባጃጆቹ አቧራቸውን እያስነሡ ያልፋሉ። እሷ ስልኩን እንደያዘች ቆማለች። አሳዘነችኝ። የምሠራው ሳጣ ሳህኑን አነሣሁና ወደ ምድጃው ዞርሁ።

ክንዴን ያዘችኝ።

«ተወው መምህር። እሱ እንኳ ጠጥቷል፣ አታድርቀው።»